ሣጥን ውስጥ የቀሩ ስፌቶች

ባለፈው ወር እዚህ ጀበል ያለውን የስፌት ክፍላችንን ስናጸዳ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ የተቀመጠውን ትልቁን የብረት ሣጥን ከፈትነው። ለካስ ሞልቶ ኖሯል! ከኪቴንጌ እራፊ ተገጣጥመው ጀርባ ያልተደረገላቸው የአልጋ ልብሶች፣ ጥልፋቸው እመሃል ላይ የቆመ ሚላያዎች፣ አንድ ጎኑ ብቻ የተሰፋ የሕፃን መጠቅለያ። ቆጠርናቸው፤ 23 ናቸው። መርፌው እንደተሰካ የቀረም አለ፤ ዝጎ ጨርቁ ላይ ምልክት ትቷል።

መጀመሪያ ያሰብነው ቀላል ነበር፤ በየተራ እያወጣን እንጨርሳቸው አልን። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ሁሉም የቆሙት በአንድ ምክንያት እንዳልሆነ ገባን። ስንፍና ነው ብለን ብናልፍ ይቀለን ነበር፤ በስንፍና ቀረ የምንለው ግን አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ አገርና በሌላ ዘመንም ቆሟል፣ ተጠራቅሟል፣ ተጨርሷልም። ስለዚህ በዚህ እትም ታሪኩን ትንሽ እናጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የእራፊ ሥራዎቹን የጀመሩት አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። ለምን ተዋችሁት ብለን ስንጠይቅ አንዷ እህታችን ሳቀችና «ድሪቶ ልሰፋ ነው እንዴ ከአገሬ የወጣሁት?» አለችን። አልፈረድንባትም። በአማርኛ ድሪቶ ማለት ተደራርቦ የተጣፈ ጨርቅ ነው፤ የሚለብሰውም ወይ ደሃ ነው፣ ወይ ዓለምን የናቀ መናኝ። ያረጀ ጋቢና የነተበ ቀሚስ እየቀደዱ፣ እየደራረቡ ሲሰፉት ብርድ የሚያስጥል ወፍራም ነገር ይወጣዋል። እንግዳ ሲመጣ ግን ይደበቃል። ለእንግዳ የሚወጣው ባለ አራት ድርቡ አዲሱ ጋቢ ነው።

ታዲያ መጣፍ ሁልጊዜና በሁሉም ዘንድ ውርደት ነበር ማለት አይደለም። እኛ ድርቡሽ የምንላቸውን የማህዲን ሰዎች አስታውሱ። በ1888 ጎንደርን ያቃጠሉት፣ በ1889 ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ የወደቁበትን ጦርነት የገጠሙን እነሱ ናቸው። ልብሳቸው ጂባ ይባላል። ማህዲው በ1881 ሲነሣ ተከታዮቹ እንደ ደሃ የተጣፈ ልብስ እንዲለብሱ አዘዘ። መጀመሪያ ላይ መጣፊያው እውነትም ቀዳዳ ይደፍን ነበር። ኋላ ላይ ግን ምንም ያልተቀደደ ነጭ የጥጥ ልብስ ላይ ባለቀለም ቁራጭ ግራና ቀኙን አመጣጥኖ መስፋት ሆነ። የደሃ ልብስ የሠራዊት መለያ ሆነ ማለት ነው። እነዚሁ ሰዎች ከእኛም ብዙ ሳይርቁ፣ ከጁባ በስተደቡብ ባለችው ረጃፍ ሰፍረው ነበር፤ በ1897 ከኮንጎ የመጣው የቤልጂጎች ጦር ነው ያስለቀቃቸው። ለጎንደር ልጆች በድርቡሽ ምሳሌ ማድረጋችን ደስ እንደማይል እናውቃለን። ስፌቱ ግን ስፌት ነው፤ ልጅቷም ታሪኩን ሰምታ ሥራዋን ከሣጥኑ አውጥታ ወስዳለች። ትጨርሰው አትጨርሰው እናያለን።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ብዙ ያገኘነውም በዚህ የቆመውን ነው። እንዲህ ያለ የአልጋ ልብስ ሦስት ድርብ አለው፤ ፊት፣ ሙሌትና ጀርባ። ለፊቱ የሚሆነው እራፊ በነፃ ይገኛል፤ ገበያ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ማሽን ሥር የወደቀውን ለቅሞ ማምጣት ነው። ጀርባው ግን አንድ ወጥ ሰፊ ጨርቅ ይፈልጋል፣ ሙሌቱም ጥጥ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ። ይሄ ደግሞ በብር ነው። ከ23ቱ 11ዱ ፊታቸው አልቆ ጀርባ ሲጠብቁ የቀሩ ናቸው። ጀማሪ ተማሪ ፊቱን ጨርሳ ስታበቃ «አለቀ» ትላለች፤ የሚበልጠው ሥራ ገና መሆኑን የሚነግራት የለም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹም ነው።

አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ይሄንኑ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እዚያ ያሉ ሴቶች ፊቱን በየቤታቸው ብቻቸውን ይገጣጥሙና ያስቀምጣሉ። ሦስቱን ድርብ አያይዞ መስፋቱ ለአንድ ሰው አድካሚ ስለሆነ ጎረቤት ይጠራሉ። ጨርቁን በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ወጥረው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው ከየጎናቸው ወደ መሃል ይሰፋሉ፤ ባለቤቷ ታበላለች። በእኛ ቋንቋ ደቦ ነው። ገበሬ ለአጨዳ የሚጠራው ደቦ ለመርፌ ሲሆን ማለት ነው። በ1966 ደግሞ በአላባማ ክፍለ ግዛት ድሃ ጥቁር ገበሬ ሴቶች ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የሚባል ማኅበር አቁመው፣ የእራፊ ሥራቸው ኒውዮርክ ድረስ በጨረታ ተሸጧል። ብዙዎቻችሁ ጆሯችሁ የሚቆመው ሽያጩ ላይ እንደሚሆን እንገምታለን፤ እኛን ግን የበለጠ የሳበን ማዕቀፉ ነው። አናጢያችን ከአሮጌ አልጋ እንጨት አንድ ሠርቶልናል።

ያከራከረን የቀረው ነው። ባለቤቶቻቸው የሄዱባቸው ስድስት ሥራዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ሚላያ ናቸው። ለማታውቁት፣ ሚላያ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ወፍና አበባ በባለቀለም ክር የሚጠልፉበት አንሶላ ነው፤ አልጋ ያለብሳል፣ ለሙሽራ ይሰጣል። መሸሽ ሲመጣ ደግሞ ዕቃ መቋጠሪያ ይሆናል። በሐምሌ 2016 እዚህ ጀበል ዙሪያ ውጊያ ሲነሣ፣ ከዚያም ጦርነቱ ወደ ኢኳቶሪያ ሲዛመት፣ ብዙ ሰው ያለውን በሚላያ ጠቅልሎ ወደ ኡጋንዳ ተሻግሯል። በዚያው ዓመት የተከፈተው ቢዲ ቢዲ ሰፈር በጥቂት ወራት ውስጥ በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ያልተጨረሰው ሚላያ ግን ዕቃ አይቋጥርም፤ እዚሁ ቀረ። እንዲህ ያለው ነገር አዲስም አይደለም፤ በ1991 ደርግ ሲወድቅ ከኢታንግ፣ ከፒኝዶና ከዲማ በአንድ ጊዜ የወጡት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ስንቱን ጅምር ጥለው እንደሄዱ ማን ቆጠረው?

አንዳንዶቻችን ጨርሰን እንሽጠው፣ ገንዘቡ ጀርባ ይግዛ አልን። አንዲት እናት ግን «የሰው እጅ ላይ እጃችሁን አትጨምሩ» ብለው ተቆጡ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ያስማማን የቻንጊ ታሪክ ነው። በ1942 ጃፓኖች ሲንጋፖርን ይዘው ቻንጊ እስር ቤት ያስገቧቸው ሴቶች ሦስት የአልጋ ልብሶች ሰርተዋል። እያንዳንዱ 66 ቁራጭ አለው፤ አንዷ ሴት አንድ ቁራጭ ወስዳ የፈለገችውን ሥዕል ጠለፈችበት፣ ስሟንም ጻፈችበት። ልብሶቹ ወደ ወታደር ሆስፒታል ሲላኩ፣ በሌላ ግቢ የታሰረው ባል የሚስቱን ስም አይቶ በሕይወት እንዳለች ያውቃል። ስሟ በክር ባይጻፍ ኖሮ ልብሱ ብርድ ከመከላከል ያለፈ ምን ይነግረው ነበር?

ስለዚህ በስድስቱ ላይ መጀመሪያ ስም ይሰፋባቸዋል፤ ባለቤቷ ሳትጠየቅም ማንም መርፌ አያነሣም። ሦስቱን በስልክ አግኝተናቸዋል። አንዷ ቢዲ ቢዲ ነው ያለችው፤ ወፏን ጨርሱልኝ፣ ክንፏ ግን ብርቱካንማ ነው፣ ቢጫ እንዳታደርጉት ብላናለች። አንዷ አትንኩት ብላለች። ሦስተኛዋ መጀመሯንም ረስታው ኖሮ ሳቀች፤ ለፈለገ ስጡት አለች።

ማዕቀፉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይወጠራል፤ የመጀመሪያው ተራ ጀርባ የተገዛላቸው የአራቱ ነው። ብርቱካንማ የጥልፍ ክር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ገበያ ላይ ያገኘነው ሁሉ ወደ ቀይ ያደላል።