የአምስተኛው አያቴ ሁለት ስሞች



የአባቴን ዘር ለመቁጠር ከደሴ ወደ ሐይቅ ስጓዝ በቦሩ ሜዳ አለፍኩ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ያካሄዱት እዚህ ነበር። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ተቃውሞውን መሩ።

አምባሰል ገጠር ስደርስ ሽማግሌው ዘመዳችን ቡና አስፈሉ። ዱዓ ሲደረግ ቆሎ ይዘው የመጡት ክርስቲያን ጎረቤት ከእኛ እኩል «አሚን» አሉ። ከሰዓት በኋላ የቂሬ ጥሪ ተሰማ። የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ጥማዳቸውን ፈትተው አንዱን ሬሳ ሊቀብሩ ወረዱ። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ አብሮነቱ እንዲህ መቆየቱ ገረመኝ።

ማታ ሽማግሌው አያቶቼን ይቆጥሩልኝ ጀመር። አምስተኛው ላይ ቆም አሉና ሁለት ስም ጠሩ፤ አንዱ የክርስትና፣ አንዱ የእስልምና።

«ቀን በዚያኛው ይጠሩት ነበር፤ ሌሊት በሩን ዘግቶ ለልጆቹ ፋቲሃን ያስቀራ የነበረው ግን በዚህኛው ነው» አሉኝ።

በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረውን ይህን ስም ያቆየው የአፍ ቅብብል ብቻ ነው። አባቴ ሳይሰሙት ወደ አኼራ ሄደዋል፤ እኔም ለጥቂት ደረስኩበት። እናንተም ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ለልጆቻችሁም ጻፉላቸው። አላህ ያለፉትን ይማርልን። አሚን።