የልደት ደስታ

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ነቢያት የሚፈታው በልደት በዓል፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በላሊበላ ዕለቱ የሁለት ልደት በዓል ነው፤ ቅዱስ ላሊበላም በዚሁ ቀን እንደ ተወለደ ይታመናልና። በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከዓለቱ አፋፍ፥ ግማሾቹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ይዘምራሉ። የላዮቹ የመላእክት፥ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው።

አባቶቻችን እንደሚተርኩት፥ የገና ጨዋታም የመጣው እረኞቹ የጌታን መወለድ ሰምተው በበትራቸው ከተጫወቱት ነው። በሜዳው ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ ነበር፤ ጌታው ቢመታ እንኳ አይቆጣም።

እኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ተማሪዎች ግን የገናን መድረስ የምናውቀው በዶሮና በበግ ገበያ ግርግር ነው። ግብዣው አይነቀፍም። ነገር ግን የምሥራቹ አስቀድሞ የተነገረው በሌሊት መንጋ ይጠብቁ ለነበሩት ከሆነ፥ ሌሊቱን ሰፈራችንን ሲጠብቅ የሚያድረው ዘበኛ ከማዕዳችን ሊርቅ አይገባውም።