ከቴሌግራፍ እስከ ስክሪን፦ «ክሊክ» በጅቡቲ በር

እንግሊዞች «ክሊክ» የሚሉት ቃል ከ16ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ በጽሑፋቸው ይገኛል። ሥር የለውም፤ ቁልፍ ሲዞር፣ የጠመንጃ ምላጭ ሲሳብ የሚሰማው አጭርና ደረቅ ድምፅ ራሱ ቃል ሆኖ ቀረ። ቆይቶ የሁለት ሰዎችን ቶሎ መግባባት፣ የተሰወረ ነገር ድንገት መገለጡንም ያዘ። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ በአብዛኛው የጣት ሥራ ስም ሆነ። ፈረንሳዮችም «ክሊክ» ስለሚሉ፣ ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ በሆነበት በጅቡቲ ከተማ ቃሉ እንግዳ አይደለም። የአማርኛው ስክሪን ግን «ጠቅ ያድርጉ» ይላል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። በዚያው ዓመት 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሐረር–አዲስ አበባ የስልክ መስመር ሥራ ተጀመረ። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ። ከተማዋ ራሷ ያኔ ከተቆረቆረች ገና ዐሥር ዓመት አልሞላትም። በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። በዚያ ዘመን ከሐዲድ ጋር አብዛኛውን ጊዜ የቴሌግራፍ ሽቦ አብሮ ይዘረጋ ነበር። የቴሌግራፍ ሠራተኞች መልእክቱን መጀመሪያ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ነበር የሚያነቡት፤ እየቆዩ ግን የመሣሪያውን ምት በጆሯቸው ብቻ እያዳመጡ መጻፍ ለመዱ። ዛሬ ጣታችን የሚያደርገውን የዚያ ዘመን ሠራተኛ በጆሮው ያደርገው ነበር ማለት ይቻላል።

ማሽኖቹን ሌላው ሠርቷቸዋል። ድምፃቸውን ለመሰየም ግን አማርኛ ዝግጁ ሆኖ ጠበቃቸው። የእኛ ቋንቋ ድምፅን ብቻውን አያቆመውም፤ «አለ» ወይም «አደረገ» የሚል ደጋፊ ይሰጠዋል። በሩ ቋ አለ፣ ጠመንጃው ዷ አለ፣ ውሃው ጠብ አለ፣ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚህ አልፎ ድምፅ የሌለውንም ነገር በዚሁ መንገድ እንናገራለን፤ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ጸጥ አለ። (ጸጥታ እንኳ «አለ» ተብሎለታል፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ሞተር ብስክሌት በመጣ ጊዜ አገሬው የፋብሪካውን ስም ትቶ በድምፁ «ዶቅዶቄ» አለው። የአያቶቻችን ጆሮ እንዲህ ነበር፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ከስሙ በፊት የሚናገረውን ያዳምጡ ነበር።

ነገር ግን ስሙን ሰጠን ማለት ባለቤት ሆንን ማለት አይደለም። በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ከባቡሩ ኩባንያ ጋር ከምኒልክ ፈቃድ ውጪ ሲዋዋል ንጉሠ ነገሥቱ ቅር ተሰኝተዋል፤ ሐዲዱ የሚያስገባው ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ኩባንያው በ1907 ከሰረና በምትኩ ሌላ ተቋቋመ። በግንቦት 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የወጡት በዚሁ ባቡር ነው፤ ከጅቡቲም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ጅቡቲ በ1977 ነጻ በወጣች ማግስት የኦጋዴን ጦርነት ሐዲዱን ቆረጠው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ኢትዮጵያ የባሕር ንግዷን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ወደብ አዞረች። የምንወጣበትና የምንገባበት በር ደጋግሞ አንድ ሆኖ እያየን፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ነገር መደነቃችን ከውርሳችን ያላነበብነው ክፍል እንዳለ ያሳያል።

ከቴሌግራፉ ቀጥሎ ሁለተኛው ሽቦ ከባሕር ነው የመጣው። እስያንና አውሮፓን የሚያያይዘው የመጀመሪያው የሲ-ሚ-ዊ የባሕር ውስጥ ገመድ በ1986 ጅቡቲን ነካ፤ ሦስተኛው ተከተለ፣ በ2010 የምሥራቅ አፍሪካው ኢሲ ገመድ ተጨመረ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው፤ የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ቦታ ያገኘው በ1999። የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር መልእክት ብዙው ክፍል ዛሬም በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕሩ ገመድ ይወርዳል። አያቶቻችን የጠበቁት የምት ድምፅ በብርሃን ተተክቷል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

እንግዲህ ለ«ክሊክ» የአማርኛ አቻ ሲፈለግለት «ቀጭ» ነበረለት፤ ለጆሮ ከ«ክሊክ» ጋር የሚቀራረብ እሱ ነው። የተመረጠው ግን «ጠቅ» ሆነ፤ ጣት ወይም እሾህ ሲነካ የምንለው፣ ከድምፅ ይልቅ መነካትን የሚያስታውስ ቃል። እንግሊዝኛው የሚሰማውን ሲሰይም አማርኛው የሚደረገውን ሰየመ። በንግግር «ክሊክ አርገው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፣ እኔም አልነቅፍም። በምርጫው ግን የሚያኮራ ነገር አያለሁ። የማውሱ ቁልፍ ዛሬ ከብዙ እጅ ጠፍቷል፤ የመስታወት ስክሪን ድምፅ የለውም፤ የስልኩ ካሜራ የሚያሰማው «ክሊክ» እንኳ የተቀዳ ድምፅ ነው። እንግሊዝኛው የሌለ ድምፅ እየጠራ ይኖራል፤ ጣት ግን አሁንም ጠቅ ያደርጋል።

አሮጌው ሐዲድ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሰማው የነበረው ምትም እንደ ማውሱ ድምፅ ጠፍቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ጅቡቲ ላይ ተመርቋል፤ በብየዳ የሚያያዝ ዘመናዊ ሐዲድ ያን ምት አያውቀውም። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ፒኬ 12 ላይ ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ደግሞ ጽሑፍ ከመጫን ይልቅ ድምፃቸውን ቀድተው ለቤተሰብ ይልካሉ። ነገ ስልኩን የሚያዙት በንግግር ብቻ ከሆነ፣ ለዚያ ሥራ ከ«አለ» ፊት የሚቆመውን ቃል ከመኪናቸው ጋቢና ውስጥ የሚያወጡት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።