በረዶና ባሮ፦ የካሜራ ዓይን በጋምቤላ

በበረዶ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን በቪዲዮ ለመቅረጽ የሚወጡ ባለሙያዎች ለጀማሪ ከሚሰጡት ምክር አንዱ «መሣሪያህን አትመነው» የሚል ነው። ምክሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ በፊቱ የተዘረጋውን ዓለም ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ለመነሻነት የተወሰደለትም ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 18 እጅ ያህሉን የሚመልስ ገጽ ነው። መለኪያው በረዶ ሲያጋጥመው ብርሃን የበዛበት ስለሚመስለው የሌንሱን ቀዳዳ ያጠባል። በዚህ ጊዜ ነጩ በረዶ አመድ መስሎ፣ ሰውየውም ጥላ ሆኖ ይወጣል። ልምድ ያለው ቀራጭ ግን መለኪያው ካዘዘው ይበልጥ ቀዳዳውን በእጁ ይከፍታል።

የቀራጩ ችግር የሚብሰው ተንሸራታቹ ጥቁር ሰው ሲሆን ነው። በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለ ማርያም በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በየካቲት 2002 ዓ.ም. በቫንኩቨርም ደግሞታል። እንዲህ ያለውን ሰው በበረዶ መካከል የሚቀርጽ ሁሉ ሁለት ነገር ባንድነት ይጠየቃል፤ በረዶው ነጭ እንዲሆን፣ ፊቱም ፊት እንዲሆን። አውቶማቲኩ መሣሪያ ሁለቱንም አያውቅም።

ይህ ጸሐፊ በረዶ ረግጦ አያውቅም። ነገር ግን ችግሩን በቀጥታ ያገኘው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ በምትለው፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው በጋምቤላ ከተማ፣ አኙዋዎች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ዳር ነው። የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ውኃና ደመና የሌለው ሰማይ ለካሜራ ከበረዶ አይለዩም። በዚያ ብርሃን ፊት የቆመ የአኙዋ፣ የኑዌር ወይም የመዠንግር ሰው ደግሞ፣ አገሩ የእርሱ ሆኖ ሳለ፣ በገዛ አገሩ ጥላ ሆኖ ይቀረጻል። ካሜራ ወደ ጋምቤላ የመጣበትን ታሪክ እንድመረምር የገፋፋኝ ይህ ነው።

ከካሜራው አስቀድሞ የመጣው ብሩሽ ነበር። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» የተሰኘ የጉዞ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1897 አሳትሟል። በተከታዩ ዓመት፣ በሰኔ 1890 ዓ.ም.፣ በደጃዝማች ተሰማ ናደው የተመራው ጦር በባሮና በሶባት ሸለቆ ወርዶ ከነጭ ዓባይ ዳር ሲደርስ ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ፈረንሳዊው ፌቭር አብረው ነበሩ፤ ሞሪስ ፖተር የተባለ የስዊስ ሠዓሊም ከእነርሱ ጋር ነበረ። ሠዓሊው በመልስ ጉዞ ላይ በጦር ተወግቶ ሞተ። እዚህ ላይ ስሙን ማንሣቴ ስለ አሟሟቱ አይደለም። ሠዓሊ የሰውን ፊት ሊሥል ሲነሣ ቀለሙን የሚበጠብጠው ፊቱን እያየ ነው። ባለ ካሜራ ግን ሩቅ አገር፣ በሌላ ሰው ፋብሪካ፣ የሌላ ሰው ፊት ታይቶ የተበጠበጠ ቀለም ይዞ ይመጣል። በጋምቤላ የምስል ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ ያለ አይመስለኝም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ለእንግሊዝ ፈቀዱ። ጋምቤላ የተባለው ጣቢያ የቆመው በዚህ ውል ነው። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ለመጫን የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ወራት ብቻ ነበር። በመርከብ የመጣ ባለ ካሜራም ጋምቤላን የሚያገኛት በደመና ሥር ነው ማለት ነው። እንደ ብርሃን ነገር ከታሰበ ይህ መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ደመና ብርሃንን አለስልሶ ከየአቅጣጫው ስለሚበትን ፊትን ከጥላ ያድናል። ጣቢያው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ።

በአካባቢው ሕዝብ ላይ በስፋት ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ የታወቀው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኤቫንስ-ፕሪቻርድ ነው። በ1927 ዓ.ም. ሐሳቡ ኢትዮጵያ ገብቶ ኦሮሞዎችን ማጥናት ነበር። ዲፕሎማሲው ስላጓተተው ሁለት ወር ተኩል በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ስለ ምሥራቅ አኙዋዎች ሲያጠና ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1940 የታተመው ስለ አኙዋ የፖለቲካ ሥርዓት የጻፈው መጽሐፉ የዚህ መዘግየት ፍሬ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጠመንጃ ይዞ ተመለሰና በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ አኙዋዎችን እየመራ ጣሊያንን ወጋ። በመስክ ያነሣቸው ፎቶግራፎች የሚገኙት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ነው። የአኙዋ ልጅ የአያቱን አገር ምስል ለማየት ሲፈልግ ፊቱን ወደ ኦክስፎርድ ማዞር አለበት ማለት ነው። ምስሎቹን በኢንተርኔት ማየት መቻሉ ነገሩን ቢያቀልለውም ባለቤትነቱን አይለውጠውም።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ያነሣውን ወዲያው ለማየት ይቸገር እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ፊልም የሚታጠብበት ፈሳሽ ወደ 20 ዲግሪ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። በጋምቤላ ሙቀት በውኃ ብቻ ይህን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በፊልሙ ገጽ ላይ ያለው ጄላቲን ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ አንዳንዴም ይላቀቃል። እርጥበቱም ሌላ ጠላት ነበር። በእንዲህ ያሉ አገሮች የሚዞሩ አንሺዎች ሩዝ ቆልተው በጨርቅ በመቋጠር ከፊልሙ ጋር በቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ የተቆላው ሩዝ እርጥበቱን ይመጥላቸዋል። የተነሣው ፊልም ግን ወደ ሩቅ ከተማ ተልኮ እስኪታጠብ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ምስሉ ተበላሽቶ ቢገኝ አንሺው ወደ ስፍራው አይመለስም። ፎቶ የተነሣውም ሰው ምን ሆኖ እንደ ወጣ ሳያውቅ ይሞታል።

በቀለም ፊልም ዘመን ነገሩ ባሰበት። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ አጣቢዎች የሚያድለው የቀለም ማስተካከያ ካርድ «የሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ሴት ለረጅም ዓመታት ነጭ ነበረች፤ ቀለሙ ትክክል ነው የሚባለው የእርሷ ቆዳ ሲያምር ነው። የጥቁር ሰው ፊት ከነጭ ሰው ጎን ሲነሣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሲነገር ኖሯል። መሣሪያ ዘር አይመርጥም እንላለን። ሠሪው ግን መርጧል።

ይህም ሆኖ ጥበብ ያለው ሰው በተሰጠው መሣሪያ እንኳ ብዙ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው «ዘ ኑዌር» የተሰኘው ፊልም ይመሰክራል። በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር አካባቢ ስለሚኖሩ ኑዌሮች የተሠራ የቀለም ፊልም ሲሆን፣ ሠሪዎቹ ሂላሪ ሃሪስና ጆርጅ ብሬይደንባክ ናቸው፤ በአገራችን ስለ ሐመሮች ፊልም የሠራው ሮበርት ጋርድነርም ረድቷቸዋል። ሃሪስ ቀደም ሲል ስለ ውዝዋዜ ፊልም የሠራ ሰው ስለ ነበረ ከብቱና ሰው በአንድ ምት ሲንቀሳቀሱ ማየት ይችላል። በጥሎሽ ላይ የሚደረገው ክርክር፣ የደም ካሣ ጉዳይ፣ ወጣቱ ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሸጋገርበት ጋር የተባለው ሥርዓት በፊልሙ ውስጥ አሉ። ውበቱ በዛና ማስረዳቱ አነሰ ብለው የተቹት የዘርፉ ሊቃውንት አልጠፉም፤ ትችቱም እውነት አለው።

እኔ ግን በአንድ ነገር ላይ ልቆም እወዳለሁ። በጋር ሥርዓት በወጣቱ ግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ይበጣል። ይህ ጠባሳ በቀትር ብርሃን ሊጠፋ ይችላል፤ ጠባሳን ለዓይን የሚያሳየው የራሱ ጥላ ነውና። ብርሃኑ ከጎን፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ በሰያፍ ሲመጣ እያንዳንዱ መስመር ቀጭን ጥላ ጥሎ ይነሣል። በመድረክ ላይ ሥራዬ የማውቀው ሕግ ይኸው ነው። የተዋናዩን ፊት ከፊት ለፊት ብቻ ብታበራው እንደ ሳህን ይዘረጋል፤ መብራቱን ወደ ጎን ስታዞረው ዕድሜው ይወጣል። ስለዚህ የኑዌርን ሰው የሚቀርጽ ከካሜራው ዋጋ ይልቅ ሰዓቱን ይመርጥ እላለሁ።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ወደ ጋምቤላ የመጣው ምስል ቀራጭ በብዛት የመጣው ለስደት ነው። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በኢታንግ፣ በፒኙዶና በዲማ ሰፈሩ፤ ኢታንግ በዚያ ዘመን ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ ሰፈሮቹ የተበተኑት በ1983 ዓ.ም. ነው። በትከሻ የሚያዝ የቪዲዮ ካሜራ የተስፋፋውም በዚሁ ዘመን ነው። የዜና ካሜራ ግን ከሩቅና ከላይ ሆኖ ብዛትን ማሳየት ይወዳል። ብዛት ደግሞ ፊት የለውም።

ሆኖም ቪዲዮ አንድ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ፊልሙ ሳይታጠብ፣ ባሕር ሳይሻገር፣ የተቀረጸው ሰው የራሱን ምስል በዚያው ቀን ማየት ቻለ። ለጋምቤላ የምስል ታሪክ ይህ ከቀለሙም ከጥራቱም የሚበልጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም በራሴ ላይ የደረሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአኙዋ ተረቶችንና ዘፈኖችን ለተውኔት ሥራ ለመሰብሰብ ወደ ጋምቤላ ስወርድ አንዲት ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ይቺ ሁሉን በራሷ ታደርጋለች» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ስሕተቴ እዚያው ተጀመረ። በጋምቤላ የሚያስፈልገው ሁሉን በራሱ የማያደርግ ካሜራ ነው፤ የብርሃን መግቢያውን በእጅ መክፈትና መዝጋት የሚቻልበት፣ በፀሐይ ብርሃን ከማይታየው ከጎኑ መስተዋት ሌላ ዓይን የሚያርፍበት መመልከቻ ያለው። በበረዶ አገር ባትሪውን ብርድ ያደክመዋል፤ እዚህ ሙቀት ያስረጀዋል። በዚያ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ሌንሱ ጭጋግ ይለብሳል፤ እዚህ ከቀዘቀዘ መኪና ወደ ውጭ ሲወጣ። መድኃኒቱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ካሜራው በቦርሳው እንዳለ የአካባቢውን አየር እስኪለምድ መታገሥ።

አንዲት ባልቴት በማንጎ ዛፎች ሥር፣ ጀርባቸውን ለባሮ ሰጥተው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፈኑልኝ። ማምሻውን በግቢያቸው ቴሌቪዥን ከካሜራዬ ጋር አገናኝተን ቤተ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ማየት ጀመረ። ባሮ እያንዳንዱ ሞገዱ ሳይቀር ያበራል፤ በታንኳ የሚሻገረው ሰው መቅዘፊያው እንኳ ይለያል። ከመካከል አንድ ጥቁር ቅርጽ ይወዛወዛል፤ ድምፁ የእርሳቸው ነው። ሰው ሁሉ ለእንግዳ አክብሮት ዝም ሲል የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው «አያቴ የታለች?» አለ። አስተርጓሚዬ ለመተርጎም ቢያመነታም አስገደድኩት።

በማግሥቱ ከባልቴቲቱ ጋር ተማክረን ወደ አሸዋው ወረድን። በበጋ ባሮ ሲጎድል ዳርና ዳሩ ነጭ አሸዋ ያወጣል። ጥቁሩ የቆላ አፈርና የተቃጠለው ሣር ብርሃን ይውጣሉ፤ አሸዋው ግን ልክ እንደ በረዶ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከግንባርና ከአገጭ ሥር ያለውን ጥላ ያነሣዋል። ማለዳ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ፀሐይዋ በጎናቸው ሆነች። በሌላ ጎናቸው ነጠላዬን በሁለት ዘንግ ወጥሬ ብርሃን እንዲመልስ አደረግሁ፤ ይህን ከመድረክ የተማርኩት ነው። ካሜራዋም በአንድ ነገር ካሰችኝ፤ የጀርባ ብርሃንን የምታካክስበት ቁልፍ ነበራት። ቁልፉን ጫንኩ፤ የዘፈኑትን ደግመው ዘፈኑ፤ እንዲያውም አንድ የረሱት ስንኝ ጨመሩበት።

ማታ እንደገና ተሰበሰብን። በአንገታቸው ያለው ዶቃ ሰማያዊነቱ፣ በዓይናቸው ዙሪያ ያለው ሽብሽብ፣ ሲዘፍኑ የሚዘጉት የግራ ዓይናቸው ሁሉ ታየ። ባልቴቲቱ ራሳቸውን አይተው ሳቁና አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሰማዩና ወንዙ ግን ከብርሃን ብዛት ጠፍተው ከበስተ ጀርባቸው አንድ ነጭ ሸማ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ልጁ አያቱን በጣቱ እያሳየ ሲፈነድቅ ቆየና፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብ ብሎ ነጩን መስተዋት ነክቶ «ኦፔኖስ የት ሄደ?» አለ።