ከወይና ደጋው ድል ማግስት

በወረታ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ያያል፤ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ ሩዝ የሚታጨድበት ሰፊ አገር ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው ይህ ምድር ግን ብዙ ደምም አይቷል። ወገን በወገኑ ላይ በተነሣበት በዚህ ዘመን ከአካባቢው ታሪክ አንዱን ማስታወስ ይጠቅመናል።

አፄ ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞ ጦረኞች ተማርከው ከእነርሱ ጋር ኖረዋል። ለዙፋን ሲታገሉም ከተከታዮቻቸው ብዙዎቹ ኦሮሞዎች ነበሩ፤ ከነገሡ በኋላም በጎጃምና በበጌምድር አሰፈሯቸው። ዛሬ “እኛ” እና “እነርሱ” እያልን የምንለያየው ሕዝብ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት በአንድ አገር ጎን ለጎን ኖሯል።

ሆኖም ንጉሡ ሕዝቡን በሃይማኖት በአዋጅ አንድ ሊያደርጉ ሞከሩ። በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ መሆናቸውን ገለጡ፤ በ1626 እ.ኤ.አ. በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዛቸውን አወጁ። ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግም ክህነት እንዲቀበሉ ተደረገ። ዓመፅ ተቀጣጠለ። በሰኔ 1632 እ.ኤ.አ. በመልክአ ክርስቶስ የተመራው የላስታ ጦር ወይና ደጋ ላይ ተሸነፈ፤ 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል።

ንጉሡ አሸንፈዋል። ነገር ግን የቅርብ ሰዎቻቸው ሬሳውን እያሳዩ፣ የወደቁት እስላም ወይም አረማዊ ሳይሆኑ የገዛ ሕዝባቸውና ዘመዶቻቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ጦርነቱን ያስቆመው የጠላትን ሬሳ እንደ ዘመድ ሬሳ ማየት ነበር። ያ ዘመድነት ግን ከእምነት ወሰን አላለፈም። ጌታችን በሉቃስ 10 ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲናገር ይህንንም ወሰን አፈረሰው፤ በዘርም በአምልኮም የሚለየን ሰው ባልንጀራችን ነው።

አዋጅ ጦር ያስቆማል፤ ደም ግን አያደርቅም። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባረሩ፤ በካቶሊክነት የጸኑትም ተሳደዱ። ትናንት የተገደደው በተራው አስገዳጅ ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያሳየናል። በ2 ሳሙኤል 2 አበኔር ሰይፍ እንዲቆም ለመነ፤ ኢዮአብም ቀንደ መለከት ነፍቶ ሠራዊቱን መለሰ። የአሣሄል ደም ግን አልታረቀም ነበርና በምዕራፍ 3 ኢዮአብ አበኔርን በኬብሮን በር ገደለው።

የገጠር ሽማግሌዎቻችን ይህን ያውቃሉ። ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ “ተዉ” ብለው ብቻ አይነሡም፤ በዳይ በደሉን ያምናል፣ ይክሳል፤ ተበዳይ ይሰማል፤ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። እውነት ሳይነገር፣ ካሳ ሳይከፈል፣ ማዕድ ሳይቆረስ እርቅ ሞላ አይባልም።

ለእኛ ለወንጌል አማኞች የዚህ እርቅ መሠረት መስቀሉ ነው። በኤፌሶን 2 መሠረት ክርስቶስ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረውን የጥል ግድግዳ አፍርሷል፤ ዋጋውንም በራሱ ደም ከፍሏል። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በጉባኤያችን የሌላውን ብሔር ስም እንዴት እንጠራለን? በጸሎታችን የማን ሐዘንተኞች ይታሰባሉ? “የእነርሱ” በምንለው ሰው ልቅሶ ቤት ገብተን ተቀምጠናል? የፎገራ ምድር የሌላ አሸናፊ ሳይሆን የታራቂዎች ያለህ ይላል። ጌታ ከእነርሱ ያድርገን። አሜን።