ከይፋት ሽለላ እስከ ፊሊፕስ ሸክላ

ፊሊፕስ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ለአንዱ አምፖል ነው፤ ለሌላው ካውያ፤ ለወላጆቻችን ደግሞ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠው ራዲዮ። እኛ ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለ አንድ ሸክላ ነው። ፊሊፕስ ከዓለም ታላላቅ የሙዚቃ አሳታሚዎች አንዱ በነበረበት ዘመን፣ እዚሁ እኛ አገር «ፊሊፕስ ኢትዮጵያ» በሚል ስም ሸክላ ይወጣ ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ በ1970ዎቹ መግቢያ የወጣ አንድ ትልቅ ሸክላ፣ ዘፋኝ የለበትም። ግጥምም የለበትም። ያለበት የአንድ የይፋት ሰው ትንፋሽ ነው። ሰውየው ጌታቸው መኩሪያ ይባላል። (በነገራችን ላይ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ይፋትን እናስተዋውቅ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ቆላው ይዘልቃል። ሹራቡ ይወልቃል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ትቀበላችኋለች። ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ ያለው እዚህ ነው። ይፋት ግን ቆላው ብቻ አይደለም፤ ደጋውንም ይጨምራል። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት መቀመጫ ነበር፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ አምደ ጽዮን ዘምተውበታል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ለብዙ ዘመን በገበያ ሲገናኙ፣ አንዳንዴም በጦር ሲጋጠሙ የኖሩበት አገር ነው።

እንዲህ ያለ አገር ሽለላ ያውቃል። ሽለላ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር የሚሄድ የጀግና ድምፅ ነው፤ ዘማች ከመዝመቱ በፊት ልቡን የሚያሞቅበት፣ ከተመለሰም በኋላ የሠራውን የሚናገርበት። አባቱን ይጠራል፣ ፈረሱን ይጠራል፣ ጠመንጃውን ይጠራል። ጠላቱንም ይጠራል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ጌታቸው የተወለደው በመጋቢት 1935 ነው። ሰባት ወር ሳይሞላው የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። እስከ 1941 ድረስ ሸዋ የአርበኞች አገር ሆነ። በዚያ ዘመን ነፍስ ላወቀ ልጅ ሽለላ የሠርግ ማድመቂያ ብቻ አልነበረም ብለን ብንገምት ከእውነቱ ብዙ የምንርቅ አይመስለንም።

ሙዚቃን የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው። በ1949 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ገባ፤ ሳክስፎንና ክላርኔትም ያዘ። በዚያ ዘመን የማዘጋጃ ቤቱን ሙዚቀኞች ከቀረጹት ሰዎች አንዱ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ነበሩ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት ጋሽ ጌታቸው ወደዚያ ተሻገረ። በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራን ተቀላቀለ። በዚህ ጉዞ መሀል ነው እንግዲህ ማንም ያላሰበውን ነገር ያደረገው። አዝማሪና ዘማች በአፉ ሲለው የኖረውን ሽለላ፣ ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ ለወታደር ማርሽ ባንድ በሠራው መሣሪያ ነፋው። መድረክ ላይም የጀግና ልብስና የአንበሳ ጎፈር ለብሶ ይወጣ ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ የምሩን ነው።

ይህ ድምፅ ወደ ሸክላ ለመግባት ግን ጊዜ ፈጅቶበታል። ምክንያቱ የሙዚቃ ሳይሆን የሕግ ነው። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር የሰበረው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣና ገበያ ላይ አዋለው። ያሰሩኛል ብሎ ቢፈራም ማንም አልነካውም። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» (1974) የእሱ ሥራ ነው። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የምናውቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ፤ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» በ1975፣ የዋልያስ ባንድን «ቸ በለው» በ1977 አሳተመ። ፊሊፕስም በዚያው ዘመን ገበያው ውስጥ ነበር። ከ1969 እስከ 1978 በአገሪቱ የወጡት ሁሉ ተደምረው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ገደማ ትልልቅ ሸክላዎች ናቸው።

ሠላሳ! አንድ ሙሉ ዘመን ሠላሳ ትልልቅ ሸክላ። ከሠላሳው አንዱ ዘፋኝ ለሌለው፣ የሽለላ ሳክስፎን ለሚነፋ የይፋት ሰው መሰጠቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሸክላውን ስትሰሙት መጀመሪያ የሚገርማችሁ የሳክስፎኑ ጥራት አይደለም፤ ሻካራነቱ ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ አንዱን ድምፅ ይዞ አይለቅም። የውጭ ሐያሲዎች ከአሜሪካኖቹ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሩታል። ንጽጽሩን እንደ ምስጋና እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን የጋሽ ጌታቸው ምንጭ ኒው ዮርክ አይደለም። ምንጩ በአንድ እጁ ጆሮውን ይዞ የሚያቅራራ ሰው ነው። እሱን ስታውቁ ሳክስፎኑ ለምን እንደሚጮኽ ይገባችኋል።

ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሽለላ ጠላቱን ይጠራል ብለን ነበር። ሳክስፎን ግን ስም መጥራት አይችልም። ጋሽ ጌታቸው ሽለላውን ከአፍ ወደ ናስ ሲያሻግረው ወኔው ተሻገረ፣ ኩራቱ ተሻገረ፣ ቁጣውም ሳይቀር ተሻገረ፤ የጠላት ስም ግን ወንዙ ማዶ ቀረ። ማንንም ሳይሰድብ፣ ማንንም ሳያስፈራራ የሚሸልል ሽለላ ተወለደ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ደገኛውም ቆለኛውም «የኔ ነው» ሊለው የሚችል ሽለላ።

ከዚያስ? ከዚያማ የምታውቁት ታሪክ ነው። አብዮት መጣ፤ የሰዓት እላፊ አዋጁ የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የሸክላ ኅትመት በ1978 ገደማ ቆመና የካሴት ዘመን ገባ። ካሴትን የፈጠረው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ፊሊፕስ! በ1963 በርሊን ላይ ለዓለም ያሳየው ያቺ ትንሽ ሳጥን የራሱን ሸክላ ከገበያችን አስወጣች። ካሴት በባትሪ ድንጋይ ይጫወታል፤ በርካሽ ይገለበጣል። መብራት የሌለው የቆላ መንደርም የሙዚቃ ገበያ ውስጥ የገባው በእሷ ነው። ሸክላው ግን ማጫወቻው ካላቸው ጥቂት ሰዎች ቤት ቀረ፤ የቀረውም ወይ ተሰበረ፣ ወይ ተቧጨረ፣ ወይ በሰብሳቢ ተገዝቶ ወደ አውሮፓ በረረ።

ፊሊፕስ በ1982 ከሶኒ ጋር ሆኖ ሲዲን ለገበያ አቀረበ። በ1998 ደግሞ ፖሊግራም የተባለውን የሙዚቃ ድርጅቱን ሸጦ ከዘፈን ሥራ ወጣ። የሚገርመው፣ የኢትዮጵያን አሮጌ ሸክላዎች በሲዲ የሚያወጣው የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል መታተም የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። የተከታታዩ 14ኛ ቅጽ በ2003 ወጣ፤ ስሙም «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጋሽ ጌታቸው ትንፋሽ ፊሊፕስ በፈጠረው ሲዲ ላይ፣ በሌላ አሳታሚ እጅ ተመለሰ።

ሲዲው ብቻውን አልቀረም። የፊሊፕስ አገር ልጆች፣ ዘ ኤክስ የተባሉት የኔዘርላንድ ፓንክ ሙዚቀኞች፣ ጋሽ ጌታቸውን ጋብዘው አብረውት ሠሩ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ ዕድሜው ከሰባ አልፎ ነበር። በ2012 ሁለተኛ አልበም ጨመሩ። ፓሪስ ውስጥም ወጣቶች ተሰባስበው ባንድ ሲመሠርቱ ከእሱ ዜማዎች የአንዱን ስም ወስደው «አካሌ ውቤ» ተባሉ። ሚያዝያ 2016 በ81 ዓመቱ ሲያርፍ በአውሮፓ መድረኮች የሚታወቅ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። አሳታሚ ሸክላ ያወጣል፤ ገበያው ሲያልቅ ደግሞ ይረሳል፤ ነጋዴ ነውና አንፈርድበትም። ግን ማስታወስ የማን ሥራ ነው? አምስተርዳም የሚያውቀውን ሰው ሸዋ ሮቢት ካላወቀችው፣ ፓሪስ ባንድ የሰየመችበትን ዜማ የይፋት ተማሪ ካልሰማው፣ ጥፋቱ የፊሊፕስ ነው ልንል ነው?

ጉዳዩ የኩራት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2021 አጣዬ ተቃጠለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደረሰ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተዘረፈ፣ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ያን ጊዜ ስልካችን ላይ ሲዘዋወር የነበረውን ፉከራ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ከየአቅጣጫው ይፎከር ነበር፤ በሁሉም ውስጥ የሚጠራ የጠላት ስም ነበረበት። አንድ ሸክላ ጦርነት ያስቆማል የምንል የዋሆች አይደለንም። ግን ከዚያው አፈር የበቀለ ሰው፣ የዚያኑ አገር የጦርነት ድምፅ ወስዶ ማንም የማይሞትበት ሽለላ አድርጎታል። ይህን የማያውቅ ልጅ ሽለላ አንድ ዓይነት ብቻ፣ ስም የሚጠራው ዓይነት ብቻ፣ ቢመስለው ምን ይፈረድበታል?

ደግነቱ ዛሬ ሸክላ ማጫወቻ አያስፈልግም። ስልክ ላይ ስሙን ጽፎ መፈለግ ይበቃል። በደሴ መንገድ የምትመላለሱ ወዳጆቻችን፣ መኪናው ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጋሽ ጌታቸውን ክፈቱት። ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ስትወርዱም፣ ጎናችሁ የተቀመጠው የአገሬው ልጅ «ይሄ የሚነፋው ማነው?» ካላችሁ መልሱን አታሳጥሩበት። «የአገርህ ሰው ነው» በሉት።