መኪና አንድ ጊዜ ይገዛል፤ መለዋወጫ ዕድሜ ልክ ይፈለጋል

ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ የሚወስደው መንገድ ቦርደዴን አቋርጦ ያልፋል። ከሚኤሶ ወዲያ ቆላው ያልቅና ወደ ጭሮ፣ ወደ ጨርጨር ተራሮች ዳገቱ ይጀምራል። ቡናውም፣ ጫቱም፣ ከብቱም፣ መንገደኛውም በዚሁ መስመር ሲመላለስ ኖሯል። ሐሩሩም ዳገቱም መኪና ይጨርሳል። አሮጌ ፒክአፕ መንገድ ላይ ሲቆም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕቃው ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው። የምዕራብ ሐረርጌን የትራንስፖርት ታሪክ መረዳት የሚፈልግ ሰው ይህችን ጥያቄ ቢከተል ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ወደዚህ አካባቢ ከገቡት ትልልቅ ማሽኖች ቀዳሚው ባቡር ነው። ፈረንሳዮች የዘረጉት ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩና አሰበ ተፈሪን ሲቆረቁሩ ለአውራጃው ቅርብ የሆነው የባቡር በር ሚኤሶ ነበር። የባቡሩ ዕቃ ግን ባሕር ተሻግሮ ነበር የሚመጣው። ለዚህም ነው ድሬዳዋ ላይ ትልቅ ወርክሾፕ የተቋቋመው። የጎደለው እዚያው በቶርኖ ይቀረጻል፣ የተሰበረው ይበየዳል፣ ከቆመው ተፈትቶ ለሚሄደው ይገጠማል። ያ ባቡር ያን ያህል ዘመን የኖረው በእነዚያ ባለሙያዎች እጅ ነው።

ቀጥሎ ጣልያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ከገባው ጦር ጋር ፊያትና ላንቺያ ካሚዮኖች አገሩን አጥለቀለቁት። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ እንግሊዞች ብዙውን ማሽንና ንብረት እየነቀሉ ወሰዱት። ሊወስዱት ያልቻሉት ቋንቋውን ነው። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሌላው ቀርቶ ናፍጣ ከዚያ ዘመን የቀሩ ቃላት ናቸው። ዛሬ የጭሮ መካኒክ የጃፓን መኪና የሚፈታው ክፍሎቹን በጣልያንኛ ስም እየጠራ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጃፓኑ ፒክአፕ ዘመን ሆነ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ያመረተው 40 ቁጥር ላንድክሩዘር ለእንዲህ ያለ መንገድ የተመቸ ነበር። ኮምፒውተር የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ነው፤ አብዛኛው ክፍል በመፍቻ ይፈታል። ብዙም ሳይቆይ ግን የዕቃው መንገድ ጠበበ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲነሳ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ በመንግሥት ፈቃድ የሚገኝ ሆነና አንድ ኩሽኔታ ለማስመጣት እንኳ ወረፋ መጠበቅ ግድ ሆነ። መኪና አርዶ መኪና ማዳን የኑሮ ዘዴ የሆነው እንዲህ ባለው ችግር ነው። የመርካቶው ሶማሌ ተራ ስሙ የገነነው፣ ምናለሽ ተራም አሮጌ ብረትን እንደገና ዕቃ እያደረገ የኖረው ይህንኑ ፍላጎት ይዘው ነው።

አሮጌ ፒክአፕ መፍታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝገት የሚጀምረው ውሃና ጭቃ ተኝቶ በሚቀርበት ቦታ ነው፦ ከእግር መርገጫው ሥር፣ በፓራፋንጎው ውስጥ፣ ካቢናው ከሻንሲው በሚጋጠምበት። ከውጭ ደህና የሚመስለው ላሜራ ከውስጥ አልቆ ሊገኝ ይችላል። የዛገ ቡሎን በጉልበት ከተጠመዘዘ ይቆረጣል። ስለዚህ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ጠጥቶ ያድራል፤ እምቢ ካለም በእሳት ይሞቃል። የተፈታው ሁሉ በየጣሳው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ነገ ተመሳሳዩ ላይገኝ ይችላልና።

ከዚያ ዕቃው ሦስት ቦታ ይከፈላል። የሚጠገን አለ፤ ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ የተሰበረ ባሌስትራ ይተካል። በቶርኖ የሚሠራም አለ፤ ቡሽና ፒን ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ከሌላ መኪና ወይም ከውጭ ካልመጣ የማይገኝ ነው። የካምቢዮ ጥርስ፣ ኩሽኔታና የናፍጣ ፓምፕ እዚህ ይመደባሉ። የመኪናውን ዕድሜ የሚወስነው ይህ ሦስተኛው ወገን ነው።

ላንድክሩዘር ከብዙዎቹ የበለጠ የቆየው ብረቱ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተተካው 70 ቁጥር እስከ ዛሬ እየተመረተ ስለሆነ ገበያው አልደረቀም። የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲም የሠራችው አገር ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ስትሠራ የኖረችው ዕቃዋ በመገኘቱ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ መታጠፊያ ላይ ነን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከአዲሱ የከበደ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲመነዘር ናረ። የአሮጌው ባቡር ሐዲድም 1.435 ሜትር ስፋት ባለው የቻይና ሐዲድ ተተክቷል። መስመሩን የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ድርሻቸው የተገናኘው እዚሁ ሚኤሶ ላይ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች ጎን ለጎን ቢታዩም የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም።

የአየር ብክለትንና የነዳጅ ወጪን መቀነስ ተገቢ ዓላማ ነው። ግን ማሽን ሲገባ ዕቃው፣ ባለሙያውና ወርክሾፑ አብረው ካልገቡ ምን እንደሚሆን ይህ መስመር መቶ ዓመት አሳይቶናል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በነጭ ጋዝ ነክሮ፣ በእሳት አሙቆ አይፈታም። ለገጠሩ መንገድ የሚመች የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ቦርደዴ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ጫቱንና በሽተኛውን የሚያደርሰው ያው አሮጌው ነው። እሱን በታክስ ቀጥቶ፣ ዕቃውን አስወድዶ ምትክ ሳያቀርቡ መተው ገበሬውን በእግሩ ማስኬድ ነው።

መፍትሔው እንግዳ ነገር አይደለም። የመለዋወጫን ቀረጥ ከቅንጦት ዕቃ ለይቶ ማየት፣ የተፈታ መኪና ዕቃ በሰነድ የሚሸጥበትን ሥርዓት መዘርጋት፣ የተሰረቀውን ከሕጋዊው መለየት፣ የድሬዳዋን ዓይነት የቶርኖና የብየዳ ዕውቀት ለወጣቱ ማስተማር ይቻላል። በዚህ መስመር ያለፉት መንግሥታት ሁሉ አዲስ ማሽን ሲመርቁ ሪባን ቆርጠዋል። ማሽኑ ሲሰበር ግን ከሥሩ የተኛው መካኒኩ ብቻ ነበር።